በሰው እልቂት መሐል ፈረስ ማዳን ጽድቅ ነው?

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሚወረወረው በመሣሪያው ለሚመካ፣ ልቡን ግን ላልመረመረ ጎበዝ ነው። እኔ ዛሬ ቃሉን ከጎበዙ ላይ አንሥቼ ወደ ፈረሱ ልመልሰው። ፈረስ የማይዋጋ ከሆነ በጦርነት ውስጥ ምን ዕዳ አለበት? ጠቡን የጫረው እሱ አይደለም። ድንበር አልገፋም፣ አዋጅ አላስነገረም፣ ቂም አልቋጠረም። የሚሞተው ግን ከጌታው እኩል፣ አንዳንዴም ከጌታው ቀድሞ ነው። እንግዲያስ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ቀን ፈረስ ለማዳን የሚሯሯጥ ሰው ቢገኝ ምን እንበለው? ርኅሩኅ ወይስ ጨካኝ?

ጥያቄውን የሚያስነሣ አንድ የቆየ የቤተሰብ ፊልም አለ። የዋልት ዲዝኒ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው፣ አርተር ሂለር ያዘጋጀው ሲሆን፣ ርእሱ ወደኛ ሲመለስ «የነጫጭ ድንጉላዎች ተአምር» እንደ ማለት ነው። ልጅ ከአዋቂ ጋር ተቀምጦ የሚያየው ፊልም ነው፤ መነሻው ግን እውነተኛ ታሪክ ነው። በቪየና ከተማ ከ400 ዓመት በላይ ያስቆጠረ «የስፓኝ የግልቢያ ትምህርት ቤት» የሚባል ተቋም አለ። ሊፒዛነር የሚባሉት ፈረሶቹ ሲወለዱ ጥቁር ወይም ቡናማ ናቸው፤ ዓመታት ሲያልፉ ነጥተው አምባላይ ይሆናሉ። በሙዚቃ ይራመዳሉ፣ በኋላ እግራቸው ይቆማሉ፣ አየር ላይ ይዘላሉ።

በ1937 ዓ.ም. ቪየና በቦምብ ስትደበደብ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ኮሎኔል አሎይስ ፖድሃይስኪ ድንጉላዎቹን በባቡር ጭኖ ወደ ሰሜን ኦስትሪያ፣ ሳንክት ማርቲን ወደተባለች መንደር አሸሻቸው። ባዝሮቹና ውርንጭሎቹ ግን ጀርመኖች አስቀድመው ወደ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ሆስታው ወደሚባል ስፍራ ወስደዋቸው ነበር። ሚያዝያ 20 ቀን በኮሎኔል ቻርልስ ሪድ የሚመራ የአሜሪካ ጦር የጠላትን መሥመር ጥሶ ሆስታውን ያዘ፤ ኋላም ፈረሶቹን ወደ ጀርመን ግዛት አሻገረ። ሚያዝያ 29 ቀን ደግሞ ፖድሃይስኪ ድንጉላዎቹን በጄኔራል ጆርጅ ፓተን ፊት አሳይቶ ከለላ ለመነ። ሁለቱም የፈረስ ሰዎች ነበሩ። ፓተን እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም፣ ፖድሃይስኪ በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል፤ ፖድሃይስኪ እንዲያውም በግልቢያ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል። ጄኔራሉ ከለላውን ሰጠ። ፊልሙ ተአምር የሚለው ይህን ነው።

ነገሩ ደስ ይላል። ደስታውን ግን ጥቂት ገታ አድርገን ፊልሙ ለስለስ አድርጎ ያለፈውን እንመልከት። ባዝሮቹ ከመዳናቸው አምስት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 15 ቀን፣ ከሆስታው ብዙም በማይርቅ የጀርመን መሬት ላይ የአሜሪካ ወታደሮች ፍሎሰንቡርግ የሚባለውን የእስረኞች ማጎሪያ ደርሰው ከፍተውት ነበር። ያገኙት ረኀብና በሽታ የጨረሳቸውን ሰዎች ነው። ሊሄድ የሚችለው እስረኛ ደግሞ ቀደም ብሎ በእግር ተነድቶ፣ እየወደቀ በየመንገዱ ተገድሏል። በሆስታው ዙሪያ በተደረገው ውጊያም ሁለት አሜሪካውያን ወታደሮች ሞተዋል። እናቶቻቸው «ልጃችን ለምን ሞተ?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ምንድን ነው? እዚያ የነበሩ የጦር ምርኮኞችም ነፃ ወጥተዋልና መልሱ ፈረስ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ፈረስም አለበት። ፓተን ራሱ ያን ቀን በማስታወሻው ላይ ተገርሞ ጽፏል፤ ዓለም በጦርነት እየነደደች እነዚህ ሁሉ ጠንካራ ወንዶች ዘመናቸውን ፈረስ በማስጨፈር ማሳለፋቸው እንግዳ ሆኖበት ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ፖድሃይስኪ የናዚ ጀርመን ጦር መኮንን ነበር። ያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1933 ለእንስሳት ጥበቃ የሚያደርግ ዝርዝር ሕግ አውጥቷል። ውሻ እንዳይደበደብ ሕግ ያወጣ መንግሥት ሕፃናትን በጋዝ ፈጀ። እንግዲህ ለእንስሳ መራራት ለሰው ለመራራት ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው።

እኛስ? ለዚህ ክርክር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ገበሬው ከቀዬው ወጥቶ በደሴ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ያስቆም ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ያቀናውንም ፖሊስ መለሰው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸውን የረኀብ ፊልም ደርግ አገላብጦ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚታይበትን ምስል ጨማምሮ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያን ምስል ያየ ሰው እስከ ዛሬ አይረሳውም። የተራበ ሕፃን በአንድ በኩል፣ የጠገበ ውሻ በሌላ በኩል። ክሱ እውነት አለበት፤ ማንም አይክደውም።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለተራበው ሰው አልቅሶ ውሻውን የከሰሰው ደርግ፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ ረሸነ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ ወሎና ትግራይ እንደ ገና እየረገፉ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ አከበረ። ስለዚህ ለእንስሳ የሚደረገውን ርኅራኄ መክሰስም ቢሆን ሰውን ለመውደድ ማስረጃ አይሆንም። ናዚው እንስሳ ወዳድ ነበር፤ ደርግ የሰው ጠበቃ ነኝ ይል ነበር። ሁለቱም ሰው ገደሉ። ታዲያ መለኪያችንን ከየት እናምጣው?

እኔ ከይፋት ቆላ አመጣዋለሁ። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ አየሩ ሲሞቀው፣ ካፖርቱን ሲያወልቅ፣ ሸዋ ሮቢት እንደ ተቃረበ ያውቃል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት ይበቅልበታል፤ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገናኙበታል። ዛሬ የፈረስ አገር አይደለም፤ ፈረስ የሚስማማው ላይ ደጋው፣ መንዝና ጠራ ነው። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ግን የአረቡ ጸሐፊ አል ዑመሪ የይፋት ሱልጣን 15,000 ፈረሰኛ እንደ ነበረው ጽፏል። የእነዚያ ፈረሶች መጨረሻ ምን እንደ ሆነ የተረከ የለም። በዛሬው ቆላ ያሉት ግመል፣ አህያና በሬ ናቸው። ቢሆንም ጦርነት ሲመጣ ጥያቄው ያው ነው።

ጦርነቱም መጣ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ውጊያው ከደሴና ከኮምቦልቻ ወርዶ ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደረሰ። ሕዝቡ ቤቱን እየዘጋ፣ አንዳንዱም ሳይዘጋ ወጣ። ከዓመት በኋላ በቀወት ወረዳ ካገኘኋቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ስለዚያ ሰሞን ተጫውተን ነበር። ጎረቤቶቻቸው በአይሱዙ ሲሸሹ እሳቸው ሁለት በሬና አንዲት አህያ እየነዱ ሌሊቱን ሙሉ በእግር ወደ ደጋው ወጥተዋል።

«አባቴ» አልኳቸው፣ «ሰው በሚያልቅበት ቀን በሬ እየነዱ መዘግየት አላስፈራዎትም?»

«እንዴት አይፈራ ልጄ! ፈርቻለሁ። ግን በሬው ከማን ጋር ተጣላ? አምኖኝ አንገቱን ለቀንበር ሲሰጥ የኖረ ነው። ደግሞስ ነፍሴ ብትተርፍ ያለ በሬ ምን ልታደርግልኝ ነው?»

ባለቤታቸው ቡና እየቀዱ ከጎን ጣልቃ ገቡ። «የማሽላውን ንገረው እንጂ» አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ወይዘሮዋ ጨረሱት። አህያዋ ሁለት ማዳበሪያ ማሽላ ተጭና ነበር፤ የቤቱ ሙሉ ስንቅ። ዳገቱ ላይ የጎረቤት እናት እግራቸው አልሄድ ብሏቸው ተቀምጠው አገኟቸው። ሰውዬው አላማከሩም። ማሽላውን መንገድ ዳር አራግፈው አሮጊቷን ጫኗቸው። «እኔማ ተቆጥቼ ነበር» አሉ ወይዘሮዋ፣ «ኋላ ሳስበው ግን አህያዋን ጥለን ወጥተን ቢሆን ኖሮ እኚያን ሴትዮ በምን እናወጣቸው ነበር?»

አንባቢ ሆይ፣ የምንፈልገው መለኪያ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ወይስ እንስሳ ብሎ የሚጠይቅ ክርክር ከመነሻው የተጣመመ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ግራና ቀኝ የተቀመጡ ያስመስላቸዋል። ዳገቱ ላይ ግን ሚዛኑ ላይ የወጡት አሮጊቷና አህያዋ አልነበሩም፤ አሮጊቷና ማሽላው ነበሩ። እንስሳን ለማዳን የተዘረጋ እጅ ሰው ሲወድቅ ጭነቱን ለማራገፍ ከፈጠነ፣ ያ እጅ ንጹሕ ነው። ጭነቱን ይዞ ካለፈ ግን አህያውንም ያዳነው ለጭነቱ ብሎ ነው። የቤተ መንግሥቱ ውሾች ጥፋት የለባቸውም፤ ጥፋቱ ሥጋውን ያቀረበው ቤት በሩ ላይ የቆመውን ሰው ማባረሩ ነው። ውሻው ቢራብም ወሎ አይጠግብም ነበር።

«በሬ ያርሳል፣ አህያ ይሸከማል፤ የሚደንስ ፈረስ ግን ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ደግሞ አገራችን ቀድማ ሰጥታለች። እኛ ዘንድ ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ያልነው ሰው ብቻውን እንዳልዘመተ ስለምናውቅ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስንስ ያለ አምባላዩ የሚያስበው ማን አለ? በአዊ ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሶቹ በሸለሙት ኮርቻ አጊጠው ይወጣሉ፤ ፈረሰኞቹ ይጋልባሉ፣ ጉግስ ይጫወታሉ። የበዓሉ ምክንያት በዓድዋና በፋሺስት ወረራ ጊዜ ከአርበኛው ጋር የዘመቱትንና የወደቁትን ፈረሶች ማሰብ ነው። ለፈረስ ውለታ ማኅበር ያቆመ ሕዝብ፣ ፈረስ መደነሱ ምን ይጠቅማል ተብሎ አይጠየቅም። ጉግስ ራሱ የጦር ልምምድ ነበር፤ ዛሬ ጨዋታ ሆኗል። ሰው ለጦርነት ያዋለውን ነገር ለደስታ ማዋል ሲችል፣ ሰላም የሚባለው ምን እንደ ሆነ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። ውበት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ፖድሃይስኪ ስንመለስ ፍርዱ ቀላል አይሆንም። ከ400 ዓመት በላይ ሲወርድ የመጣ ጥበብ በእሱ ዘመን እንዳይጠፋ ራሱን ማስጨነቁ የሚወደስ ነው። ፈረስ አይዋጋምና ፈረሱ መዳን ነበረበት። በሌላ በኩል ያ መኮንን መለዮውን ለብሶ ያገለገለው ጦር በየመንገዱ የወደቁትን እስረኞች ለማንሣት አንዲት ከረጢት ማሽላ አላራገፈም። ፓተንም ቢሆን ፈረሶቹን በማዳኑ አይወቀስም፤ ሁለት ወታደሮች መሞታቸውን ሳያነሣ ነገሩን ተአምር ብሎ ለልጆች የሚነግር ሰው ግን ግማሹን ነው የነገራቸው። ፊልሙን ለልጆቻችን ብናሳያቸው እወዳለሁ። ሲያልቅ ግን ቴሌቪዥኑን ከማጥፋታችን በፊት ያን ጊዜ ሰዎቹ የት ነበሩ ብለው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው።

ሊፒዛነሮቹ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ቪየና ተመልሰው ዛሬም ሙዚቃ ሲመታ ይራመዳሉ፤ ተመልካቹም ከፍሎ ይገባል። የይፋቱ ሰውዬ በሬዎችም ከደጋው ተመልሰው በዚያው ዓመት አርሰዋል። አሮጊቷም በሕይወት አሉ። በሬ አድኖ ሰው ለጫነ ገበሬ ፊልም የሠራ እስካሁን አልሰማሁም። ቢሠራ ግን ርእሱ ተአምር ባይሆን እመርጣለሁ፤ ሰውዬው ያደረጉት ተራ ነገር ነው ብለው ያምናሉና። ተራ ሆኖ እንዲቀር መጠበቅ ያለብን ደግሞ እኛ ነን።