ሳላውቅ ነው

በጋብቻችን አምስተኛ ዓመት እኔና ባለቤቴ ባሕር ለማየት ወደ ሞምባሳ ሄድን። ሁለታችንም ደገኞች ነን፤ ከሐይቅ የሰፋ ውኃ አይተን አናውቅም ነበር። ለሁለት ዓመት ከደመወዛችን እየቆነጠርን ያጠራቀምናት ገንዘብ ነበረች። የቅዳሜ ክፍል ተማሪዎቼም «መምህር፣ ዋና ሳይችሉ?» እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ። ስለ ባሕሩ ብዙ አልጽፍላችሁም። ነጭ አሸዋ፣ ሞቃት ውኃ፣ የኮኮናት ዛፍ፤ ፎቶውን አይታችሁታል። የምጽፍላችሁ ስለ መጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያም ቀን ውስጥ ስለ አንዲት ሰዓት።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ አረፍን። የእኔ ሻንጣ መጣ፣ የባለቤቴ አልመጣም። ቀበቶው ባዶውን መዞር እስኪጀምር ድረስ ጠበቅን። ከዚያ ወደ አንድ ጠባብ ቢሮ ገብተን ቅጽ ሞላን፤ የሻንጣው ቀለም፣ መጠን፣ የምናርፍበት ሆቴል። ጸሐፊዋ ትሑት ነበረች፤ ሻንጣው አዲስ አበባ ቀርቶ ሊሆን እንደሚችልና በሚቀጥለው በረራ ሊመጣ እንደሚችል ነገረችን። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እስከዚያ የምትለብሰውን ማን ይገዛላታል? ካሳውስ?» አልኩ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ሻንጣው የእርሷ፣ ቁጣው የእኔ!

ከቢሮው ስንወጣ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ከሆቴሉ የተላከልን ሾፌር የለም። ሲም ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። እዚህ ላይ ስለ መንገዱ ትንሽ ልንገራችሁ። ሞምባሳ ከተማዋ ደሴት ላይ ናት። ከእርሷ በስተደቡብ ወዳለው ወደ ዲያኒ የሚሄድ ሰው በልማድ የሊኮኒን መተላለፊያ በፌሪ ይሻገራል። ሰውና መኪና አብሮ የሚጫንበት ትልቅ ጀልባ ነው፤ እግረኛ በነፃ፣ መኪና በክፍያ። ዛሬ ዛሬ ዙሪያውን የሚሄድ አዲስ መንገድ ቢከፈትም ብዙው ሰው አሁንም በፌሪው ነው የሚመላለሰው፤ ወረፋው ሲረዝም መኪና ብዙ ይቆማል። ሾፌራችንም እዚያ ወረፋ ላይ ነበሩ።

እኔ ደግሞ ከጉዞው በፊት ጥቂት ስዋሂሊ አጥንቼ ነበርና በእንግሊዝኛ መጠየቅ ሲበቃኝ፣ ባለቤቴም እየሰማች ስለነበር፣ «ሳአ ንጋፒ?» አልኩ። በስንት ሰዓት ማለት ነው። «ሳአ ቲሳ» አሉኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት! በውጭ አገር አቆጣጠር ዘጠኝ ማለት ከምሽቱ ሦስት ነው። ሰባት ሰዓት ሙሉ በዚህ ሙቀት ልንጠብቅ ነው? «እንግዲያው ይቅር!» ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ይሰሙ አይስሙ አላውቅም። መልሼ አልደወልኩም። በር ላይ የቆመ ሌላ ታክሲ ይዘን ሄድን።

ስዋሂሊ የሚያውቅ አንባቢ ይሄኔ ስቋል። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው። ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ የጠዋቱ አንድ ሰዓት ለእነርሱም «ሳአ ሞጃ»፣ አንድ ሰዓት ነው። ኬንያና ኢትዮጵያ ደግሞ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሳአ ቲሳ ማለት የእኛው የራሳችን ዘጠኝ ሰዓት፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት በኋላ ማለት ነበር። ቃሉ ራሱ እንኳ ይጠራኝ ነበር። «ሳአ» ከዓረብኛ የተወሰደ ነው፣ የእኛ «ሰዓት»ም የዚያው ቤተሰብ። ከአገሬ ወጥቼ እንደ አገሬ በሚቆጠርበት ቦታ ቆሜ፣ አዋቂ መስዬ ወደ ፈረንጅ ለወጥኩት።

ሾፌሩ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ደረሱ። ስማችንን የጻፉበትን ካርቶን ይዘው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መውጫው ላይ ቆሙ። ምናልባት መተላለፊያው ላይ የእኛ ፌሪ ወዲህ፣ የእርሳቸው ወዲያ ሲሄድ ተላልፈን ይሆናል፤ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው ናቸው። ሠራተኞቹ «ምዜ» ይሏቸው ነበር፤ ለአዛውንት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፣ እኛም እንደዚያው አልናቸው። ነገሩ የተገለጠልን እዚያው ቆመን፣ እንግዳ ተቀባይዋ እየሳቀች ስታስረዳን ነው።

እኔ «ሳላውቅ ነው» አልኩ። እውነት ነበር።

ክርክሩ የተጀመረው ክፍላችን ከገባን በኋላ ነው። ባለቤቴ «ሙሉ ሒሳባቸውን እንከፍላቸዋለን» አለች። እኔ ለሌላው ታክሲ ከፍያለሁ፤ ገንዘባችን የተቆጠረች ናት። «ምን አጠፋሁና? ተንኮል አልሠራሁ፤ ቃል በቃል አልተግባባንም። በደል ያለ ፈቃድ አለ እንዴ?» አልኳት። አስተማሪ ስለሆንኩ ትንሽ ትምህርት ጨመርኩበት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ታዲያ ለሻንጣዬ ካሳ የጠየቅከው ሆን ብለው አስቀርተውት ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ይህን ነገር የምጽፍላችሁ ያ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ ነው። ሳናውቅ ያደረስነው ጉዳት ዕዳ ይሆናል ወይ?

የሻንጣውን ጉዳይ ሕግ ቀድሞ አስቦበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሞንትሪያል ላይ የተፈረመው የአየር ጉዞ ስምምነት ሻንጣ ቢዘገይ አጓጓዡን ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። «ሆን ብዬ አይደለም» ማለት አያድነውም። ጉዳቱን ለመከላከል ተገቢውን እርምጃ ሁሉ እንደወሰደ፣ ወይም ያንን መውሰድ እንደማይቻል ማስረዳት አለበት። ይህን ሚዛን ወደ ራሴ ባዞረው ምን ይገኛል? ተገቢውን ሁሉ አድርጌያለሁ? አንድ ጊዜ መልሼ ብደውል፣ «የቀን ነው የማታ?» ብዬ ብጠይቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ ያፈሰስኩትን የለቀሙት ሌላ ሰው ናቸው።

አርስቶትል «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በተባለው ሥራው በሦስተኛው መጽሐፍ ይህን ነገር ይነካዋል። ካለማወቅ የተነሣ በሚደረግና ሳያውቁ በሚደረግ መካከል ይለያል። የሰከረ ወይም የተቆጣ ሰው የሚሠራውን ባያውቅም፣ ያሠራው አለማወቁ ሳይሆን ስካሩ ወይም ቁጣው ነው ይላል። ይህን ሳነብ ራሴን አየኋት። የስዋሂሊን ሰዓት አለማወቄ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ግራ ገብቶኝ እጠይቅ ነበር። ጥያቄውን ያስቀረው ከሻንጣው ቢሮ ይዤው የወጣሁት ቁጣ ነው። እና፣ ልጨምርበትና፣ ባለቤቴ ፊት ስዋሂሊ ማወቄን ማሳየቴ። አዋቂ የመሰለ ሰው መልሶ አይጠይቅም።

አርስቶትል እዚያው አንድ ነገር ይጨምራል፤ እኔን የያዘኝም እርሱ ነው። ሳያውቅ ጎድቶ በኋላ ሲያውቅ የተጸጸተ ሰው «ያለ ፈቃዱ አደረገው» ይባልለታል። የማይጸጸተው ግን ወድዶ አደረገው ባይባልም፣ ያለ ፈቃዱ ነው ለማለትም አይቻልም፤ ሌላ ስም ያስፈልገዋል። አስቡት፤ ትናንት የሠራሁት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ዛሬ በልቤ ባለው ነገር ይታወቃል ማለት ነው። እኔ «ሳላውቅ ነው» ስል የምዘጋው በር መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚከፈተው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አለ። ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ሕፃን ልጅ ይገጫል። አጠገቡ ያሉ ሁሉ ያዝናሉ፤ የሾፌሩ ሐዘን ግን ከእነርሱ ይለያል፤ ያደረገው እርሱ ነውና። እናጽናናዋለን፣ ጥፋት የለብህም እንለዋለን፤ ልክም ነን። ነገር ግን ሾፌሩ ራሱ ቶሎ ብሎ፣ ፊቱ ሳይጠቁር፣ «ጥፋት የለብኝም» ቢለን አንድ ነገር ይጎረብጠናል። ሌላው ሊለው የሚገባውን እርሱ ለራሱ ሲለው ቃሉ ይለወጣል።

በኦሪት ያለው የመማፀኛ ከተማ ሥርዓትም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። ዘዳግም 19 ላይ ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይገባሉ፤ ብረቱ ከመጥረቢያው እጀታ ወልቆ አንዱን ይገድለዋል። ገዳዩ ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ ሞት አይፈረድበትም። ግን በማግስቱ ምንም እንዳልሆነ ወደ እርሻው አይመለስም። ወደ ከተማይቱ ይሸሻል፤ ዘኍልቍ 35 እንደሚለው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ እዚያው ይቀመጣል። በደለኛ ያልሆነ፣ ነገር ግን ነገሩ የሚመለከተው ሰው። በ«አጠፋሁ» እና በ«አይመለከተኝም» መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ አብዛኛው ኑሯችንም የሚያልፈው እዚያ ላይ ነው። በቴሌግራም የደረሳችሁን ስለ አንዲት እህት የተባለ ነገር እውነት መስሏችሁ አስተላልፋችሁ፣ በኋላ ሐሰት ሆኖ ስታገኙት የቆማችሁት እዚያ ቦታ ላይ ነው። መልእክቱን ማጥፋት ብቻውን ይበቃል?

የጭነት መኪናውን ሾፌር ከእኔ ጋር ማስተካከሌ አይደለም። የእኔ ነገር ትንሽ ናት፤ የአንድ ሰው ግማሽ ቀን፣ ትንሽ ነዳጅ፣ የፌሪ ክፍያ። ትንሽ መሆኗ ግን ለመርሳት እንጂ ለመፍታት አልጠቀመኝም።

በማግስቱ ጠዋት ምዜን አገኘናቸውና 5,000 ሽልንግ፣ የተስማማነውን ሙሉ ሒሳብ፣ ሰጠኋቸው። ከገንዘቡ ጋር ማብራሪያዬንም ሰጠሁ፤ እንዲህ መስሎኝ፣ እኛም አገር ሰዓት እንዲህ ስለሚቆጠር፣ መስመሩም ስለተቋረጠ። ገንዘቡን ቆጠሩት። እምቢ ይሉኝ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላሉም፣ ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። ከዚያ በዝግታ፣ «ገንዘቡ ጥሩ ነው። ግን መልሰህ አልደወልክም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስምህን ይዤ ቆምኩ፤ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ፤ ማብራሪያ ሰጠሁ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኩም ነበር። ማብራሪያ ስለ እኔ ነው፤ እኔ እንዴት እንደተሳሳትኩ። ስለ እርሳቸው አንድም ቃል አልነበረበትም። ስለ ቁጣዬም አልነገርኳቸውም ነበርና ከሻንጣው ቢሮ ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኩ። ሻንጣ መጥፋቱን ሲሰሙ ፊታቸው ወደ ባለቤቴ ዞረና «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» አሏት።

ፖሌ የሚገርም ቃል ነው። ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት ሌላ ቃል አላቸው። ፖሌ ግን ሰው ሲደናቀፍ፣ ሲታመም፣ ሲደክመው፣ ምንም ያላደረገው ሰው የሚለው ነው። ባለቤቴ ወዲያው «እንደኛ እኔን ነው» አለች። እውነቷን ነው። መንገድ ላይ የማናውቀው ልጅ ሲወድቅ እናቶቻችን «እኔን!» ይላሉ፤ ያልገፉት ልጅ፣ ያላስቀመጡት ድንጋይ። ያላደረጉትን እንኳ ወደ ራሳቸው የሚስቡ ሰዎች አሳድገውኝ፣ እኔ ያደረግኩትን «ሳላውቅ ነው» ብዬ ከራሴ ልገፋ ስታገል አደርኩ። ጥፋተኛ መባልን እየፈራሁ፣ «እኔን» ለማለት ጥፋተኛ መሆን እንደማያስፈልግ ረሳሁት።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልጠራልኝም። ይህ መንገድ ሰውን ወደ ማያልቅ ራስን መውቀስ ሊወስድ ይችላል። ከእናንተ መካከል ወንድሙ ሲታመም፣ እናቷ ስትሞት «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያሉ ዓመታት የሚቃጠሉ አሉ፤ አውቃችኋለሁ። ለእናንተ ባልንጀራችሁ «ጥፋት የለብህም፣ ጥፋት የለብሽም» ሲላችሁ እመኑት። የእርሱ ድርሻ ነው፤ ለዚያ ነው ባልንጀራ የተሰጣችሁ። የመማፀኛ ከተማውም ቢሆን መጨረሻ ቀን ነበረው። የት ላይ እንደሚያበቃ በክርን የሚለካ መስመር ላሰምርላችሁ አልችልም።

ሻንጣው በሦስተኛው ቀን መጣ፤ አንድ እግሩ ተሰብሯል። እስከዚያ ባለቤቴ ከገበያ በገዛናት ካንጋ ሰነበተች፤ ሻንጣው ከመጣ በኋላም አላወለቀችውም።

የመመለሻችን ዋዜማ ምዜ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሊያደርሱን ተስማማን። «ሳአ ንጋፒ?» አሉኝ እየሳቁ። በአማርኛ «ሦስት ሰዓት» አልኳቸው። «ሳአ ታቱ» አሉ፣ ሦስት ጣታቸውን አውጥተው። «የጠዋት?» አልኩ። «የጠዋት» አሉ። ከዚያ ሁለታችንም፣ ሳንነጋገር፣ እጅ ሰዓታችንን አየን።