ቁስል ሰፍቶ መሸኘት ይበቃልን?

ሰው ግዴታውን ፈጸመ የሚባለው መቼ ነው? የተሰጠውን ሥራ ሲጨርስ ነው ወይስ ሥራው የቆመለት ዓላማ ሲደርስ? ጥያቄው ለመምህርም፣ ለዳኛም፣ ለወላጅም የሚቀርብ ቢሆንም በዚህች አጭር ጽሑፍ ለሐኪም አቅርበን እንመልከተው።

አገሩ አሜሪካ፣ ከተማው ቦስተን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲቦራ ፕሮትሮ ስቲዝ የተባሉ የሕክምና ተማሪ በድንገተኛ ክፍል ውስጥ በጠብ የቆሰለ ወጣት ይሰፉ ነበር። ወጣቱ ተሰፍቶ ሲነሣ፣ ይህን ያደረሰበት ልጅም ብዙ ሳይቆይ ለመሰፋት እንደሚመጣ፣ ስለዚህ እንዳይተኙ ነገራቸው። ተማሪዋ የተማሩትን ሁሉ በትክክል ፈጽመዋል። ነገር ግን አንድ ሐሳብ ዕረፍት ነሣቸው። ራሱን ለመግደል ሞክሮ የመጣን ሰው ሐኪም አክሞ ብቻ አያሰናብተውም፤ ነገ እንዳይደግመው ይጠይቀዋል፣ ይከታተለዋል። ሌላውን ለመግደል የሚወጣውን ግን ሰፍቶ መሸኘት የተለመደ ነበር።

እኚህ ሴት ሐኪም ከሆኑ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ከሕፃናት ሐኪሙ ከዶክተር ሃዋርድ ስፒቫክ ጋር በመተባበር በወጣቶች መካከል የሚነሣውን ጠብ አስቀድሞ ለመከላከል በቦስተን ሥራ ጀመሩ። ዶክተር ስፒቫክም ብዙውን የሥራ ዘመናቸውን ለዚሁ ዓላማ አዋሉት።

የሕፃናት ሐኪም ለዚህ ነገር መነሣቱ አያስገርምም። ኩፍኝ እስኪይዝ አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይከትባል። ዶክተር ስፒቫክ የመሩት የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ቡድን በ1999 ባወጣው ምክር፣ ሐኪሞች ወላጆችን በቤታቸው ጠመንጃ መኖር አለመኖሩን፣ ልጃቸውንም እንዴት እንደሚቀጡ እንዲጠይቁ አሳስቧል። በትምህርት ቤቶችም ዶክተር ፕሮትሮ ስቲዝ ያዘጋጁት ትምህርት ተሰጠ። ትምህርቱ ቁጣ የተፈጥሮ ስሜት መሆኑን ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ከመደባደብ የሚያገኙትንና የሚያጡትን ዘርዝረው ራሳቸው እንዲያመዛዝኑ ያደርጋል። ብዙው ግድያ የሚፈጸመው በዘራፊ እጅ ሳይሆን፣ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል በተነሣ ክርክር መሆኑን ተረድተው ነበርና።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ጠብን እንደ በሽታ ከቆጠርነው በዳዩ በሽተኛ ሆኖ ከኃላፊነት አያመልጥምን? ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ልጅዋ የተገደለባት እናት ስለ ገዳዩ አስተዳደግ ሲተነተን ብትሰማ ልብዋ ቢቆስል ማን ይፈርድባታል?

ሆኖም ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባናል። አንደኛው «ማን አደረገው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «እንዳይደገም ምን እናድርግ?» የሚለው ነው። ሰክሮ ሲነዳ ሰው የገደለ ሾፌር ይቀጣል። በዚያው መታጠፊያ በየዓመቱ ሰው የሚሞት ከሆነ ግን መንገዱም ይስተካከላል፤ የመንገዱ መስተካከል ሾፌሩን ነጻ አያወጣውም። እንዲያውም መከላከል ኃላፊነትን ያጠነክራል እንጂ አያላላም። ከመምታትና ከመዋረድ በቀር ሌላ መንገድ አሳይተውት የማያውቁት ልጅ የሚመርጠው ጥቂት ነው። ሦስተኛውን መንገድ ተምሮ ሳለ የሚመታ ግን ምርጫው በእርግጥ የራሱ ነው።

በቦስተን በ1990 ሰው በሰው እጅ የተገደለው 152 ነበር፤ በ1999 ቁጥሩ 31 ሆነ። ይህን ሐኪሞች ብቻቸውን አደረጉት ብንል እውነት አይሆንም። በእነዚያ ዓመታት በሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም ግድያ ቀንሷል፤ በቦስተንም ፖሊሱ፣ መምህሩና ወላጁ የየድርሻቸውን ሠርተዋል። በ1992 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቀብር ጸሎት ሲደረስ ወጣቶች ገብተው ሌላውን ወጣት በወጉት ጊዜ፣ አገልጋዮች ወጣቱ እስኪመጣ መጠበቁን ትተው በሌሊት ወደ መንገድ ወጡ። ሁሉም «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ማለትን መተዋቸው ነው ቁም ነገሩ።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፣ መርፌና ክር በእጃችን የለም ብለን ከጥያቄው አናመልጥም። ሁለት ጓደኛሞች ሲጣሉ ዙሪያውን ከብቦ የሚቆመው ማን ነው? እኛው ወጣቶቹ ነን። አንዱ «በለው!» ይላል፤ ሌላው ይስቃል፤ ሦስተኛው ዝም ብሎ ያያል። ያልመታ እጅ ንጹሕ ይመስለዋል። የሚመጣውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግን፣ ባወቀው መጠን ባለዕዳ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ አባቶቻችን እንዳሉት፣ ሳይቃጠል በቅጠል።