ያነበበ ሁሉ ያስተውላልን?

ንባብ በር ነው፤ ትርጓሜ ግን ቤት ነው። በበሩ ቆሞ የዋለ ሰው ቤቱን አየሁ ሊል አይችልም።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን አስቀድመው ስለ ተረዱት የትምህርቱን ሥርዓት በደረጃ አቆሙት። ሕፃኑ በንባብ ቤት ፊደል ይቈጥራል፤ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይለምዳል፤ ዳዊት የደገመ ዕለትም ወላጆቹ ደስ ይላቸዋል። ይሁን እንጂ ዳዊት የደገመ ሁሉ ዳዊት የተናገረውን ዐወቀ ማለት አይደለም፤ መጽሐፉ ግእዝ፥ የልጁ ልሳን ግን ሌላ ነውና። ምሥጢሩን ለማግኘት በቅኔ ቤት ሰሙን ከወርቁ መለየት፥ ኋላም በመጻሕፍት ቤት ብሉይንና ሐዲስን፥ ሊቃውንትንና መነኮሳትን በአንድምታ መስማት ያስፈልገዋል። ብዙው ሰው ግን ከመጀመሪያው በር ይመለሳል።

በዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም፥ ቅን እምነት ካለ የመጻሕፍት ዕውቀት ምን ያደርጋል? ፊደል ያልቈጠረች እናት ጾማ ጸልያ አትጸድቅምን? የተማረውስ በዕውቀቱ ሲታበይ አይታይምን? የሚል ነው። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ፍቅር የሌለው ዕውቀት እንደሚያስታብይ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች አስተምሯል። ዳሩ ግን ያች እናት ቃሉን አልናቀችም፤ በቅዳሴ ቆማ ወንጌሉን ትሰማለች፥ የሰማችውንም ትፈጽማለች። መስማትም መማር ነው። የሚነቀፈው መማር ሲቻለው የተወው ነው።

የመተውም ጉዳት በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 4 ይታያል። ፈታኙ ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ ባቆመው ጊዜ የጠቀሰው የሐሰት መጽሐፍ አይደለም፤ ምእመናን የሚደግሙትን፥ በግእዙ ቍጥር መዝሙር 90ን ነው። ነገር ግን ቈርጦ ጠቀሰ። የመላእክት ጥበቃ በመንገዱ ለሚሄድ ሰው እንጂ ራሱን ከላይ ለሚወረውር አለመሆኑን የሚያመለክተውን ቃል ዘለለው፤ ቀጥሎ ያለውንም፥ ስለ ዘንዶው መረገጥ የሚናገረውን፥ በራሱ ላይ የሚመጣ ስለ ሆነ ሳያነሣው ቀረ። ጌታም ሦስቱን ጊዜ ከኦሪት ዘዳግም እየጠቀሰ መለሰለት። እንግዲህ መዝሙሩን በቃሉ ይዞ ምሥጢሩን ያልያዘ ሰው፥ እንዲህ ያለ ቈራጭ ቢመጣበት በምን ይመልሳል? አንድ ጥቅስ ብቻ የያዘ፥ ጥቅስ በያዘ ሁሉ ይነዳል።

መድኃኒቱን የሕንደኬ ጃንደረባ ያሳያል። ይህ ሰው የንግሥቲቱ ገንዘብ ሹም ነበረ፤ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ሹመትም፥ መጽሐፍም፥ ንባብም አልጐደለበትም። ነገር ግን ፊልጶስ ያስተውል እንደ ሆነ ሲጠይቀው መሪ እንደሚያሻው ለመናገር አላፈረም፤ ነቢዩ ስለ ማን እንደ ተናገረም ጠየቀ። ይህ የመጻሕፍት ቤት ጥያቄ ነው፤ ወደ ጥምቀቱም ያደረሰው ይህ ጥያቄ ነው።

ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ በግብፅ አገር የተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. ሙሉው በአማርኛ ከታተመ ወዲህ፥ ማንበብ ለሚችል አማርኛ ተናጋሪ ግእዝ አላውቅም ማለት ምክንያት አይሆነውም። የቀረው ዕንቅፋት አላወቅሁም ለማለት ማፈር ነው። ስለዚህ ማንበብ የሚችል ያንብብ፤ ያልገባውን ይጠይቅ። መምህሩም ጠያቂ እስኪመጣ ተቀምጦ አይጠብቅ፤ ወደ ሠረገላው የሮጠው ፊልጶስ ነውና።