ወፍጮን የሚያዞር ክንድ

አረቄ አውጥቶ መሸጥ ኃጢአት ነውን? በደብረ ታቦር ይህ ክርክር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁት ነው። ጠጪው ስለ ራሱ፣ ሻጪዋ ግን ስለ ራሷና ስለ ጠጪዎቿ ሁሉ ትጠየቃለች ይባል ነበር። አረቄ ሻጭ ያሳደገችኝ ልጅ ብሆንም እኔም እንደዚሁ አምን ነበር።

አሳቤን ያናወጠው በሆላንድ አገር ስላለችው ስለ ስኺዳም ከተማ ያነበብሁት ነው። ስኺዳም ዬኔቨር በሚባለው አረቄዋ የታወቀች ናት፤ ብቅሉን የሚፈጭላት ግን ነፋስ ነበር። ቤቱና ጎተራው ነፋሱን ቢጋርድባቸው ጊዜ ወፍጮዎቹን ከጣራ በላይ አስረዝመው ሠሯቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1803 ዓ.ም. የቆመው ደ ኖርድ የተባለው ከ33 ሜትር ይበልጣል። ነቀፌታስ እነርሱንም አላጣቸውም፤ የአረቄ ቤቶቹ ጢስ ከተማይቱን ስላጠቆራት «ጥቁሯ ናዝሬት» ተብላለች።

የኛም አገር ነፋስ አያንስም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ የሚወርደው ቁር የገብሱን ማሳ ሲያንገላታ ያየ ሰው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ የእናቴን ብቅል የፈጨው ነፋስ አይደለም። በውድቅት ሌሊት ተንበርክካ፣ መጁን እየገፋች፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ የፈጨችው እርሷ ናት። ብልሃት ጠፍቶ ነው እንዳንል፣ ከከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ሠራተኞች ሴባስቶፖልን የሚያህል መድፍ አስቀልጠዋል፤ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የጎተተውም የሰው ክንድ ነው። መድፍ ለማቅለጥ ይህን ያህል ስንደክም፣ ሴት ከወፍጮ ሥር የምትነሣበትን ብልሃት ማን አሰበ?

ስለዚህ ክርክራችን ከመጀመሪያው የተጣመመ ይመስለኛል። አረቄው ቤት አፍርሷል፤ ይህን አልክድም፣ ሰካራሞቹንም አውቃቸዋለሁ። ነገር ግን ስለ ጠርሙሱ ስንፈርድ ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል አልተናገርንም። ያው ድንጋይ የእንጀራውንም ዱቄት ይፈጭ ነበርና፣ የተባረከውን ማዕድ የበላን ሁሉ ከዚያ ክንድ ዕዳ አለብን።

የሞተር ወፍጮ ሲመጣ እናቴ ብቅሏን በአህያ ጭና ሄደች። በማግሥቱ ነጋ ብዬ ብቀሰቅሳት አልነቃ አለችኝ፤ እስከ ረፋድ ተኛች። ንስሐ አባቷ ስለ አረቄው ብዙ ጊዜ ገሥጸዋታል፤ ስለ ጉልበቷ ግን አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም፤ እኔም እንደዚሁ።