የናቡቴ ርስት

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የተጻፈውን የኢይዝራኤላዊውን የናቡቴን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ንጉሡ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ የነበረውን የናቡቴን የወይን ቦታ ለአትክልት ፈለገው፤ በፋንታውም የተሻለ ወይን ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው ቃል ገባ። እስከዚህ ድረስ በደል የለበትም። ናቡቴ ግን የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ፤ ነገሩም በዚሁ ሊያልቅ በተገባው ነበር።

ኤልዛቤል ግን በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አተመች፤ የከተማው ሽማግሌዎች ጾም ዐወጁ፤ ሁለት ሐሰተኞች መሰከሩ፤ ናቡቴም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ልብ እናድርግ፤ ማኅተም አልጎደለም፤ ሸንጎ አልጎደለም፤ ምስክር አልጎደለም፤ እኛን ካህናትን ሊያስደነግጠን የሚገባው፣ ጾም እንኳ አልጎደለም። ነቢዩ ኤልያስ ግን ይህ ሁሉ ሥርዐት ሳያታልለው፣ የተደረገውን ነፍስ ግድያና ነጠቃ ብሎ በስሙ ጠራው።

ሊበርታሪያን የሚባሉት ፈላስፎች ሰው የራሱ ጌታ ነው፤ የድካሙም ፍሬ የእርሱ ነው፤ ስለዚህ ማንም፣ መንግሥትም ቢሆን፣ በሰላማዊ ሰው አካልና ሀብት ላይ ኀይል ሊያነሣ አይገባውም ይላሉ። ከእነርሱ አንዱ አሜሪካዊው ሮበርት ኖዚክ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከድካም ዋጋ ላይ የሚወሰደውን ግብር ከግዳጅ ሥራ ጋር አስተካክሎታል። ጌታችን የቄሣርን ለቄሣር እንድንሰጥ አዝዞናልና በዚህ አንከተለውም፤ ነጠቃን መጥላታቸው ግን የኤልያስ ጥላቻ ነው።

ሆኖም የናቡቴ መልስ ከእነርሱ ትምህርት ይጠልቃል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተደነገገው ምድር የእግዚአብሔር ናትና ለዘለዓለም አትሸጥም። ናቡቴም ንጉሡን የከለከለው የአደራ ጠባቂ ስለ ነበረ ነው። አደራ ሰጪው እግዚአብሔር ከሆነ ንጉሥ ሊነጥቅ አይችልም፤ ባለርስቱም እንደ ወደደ ሊያደርግበት አይችልም። ሊበርታሪያኖች አባታችን የሚሉት እንግሊዛዊው ጆን ሎክ እንኳ ሰው የፈጣሪው ሥራ መሆኑን አምኖ፣ እጅግ የተቸገረ ሰው በባለጸጋው ትርፍ ላይ መብት እንዳለው ጽፎአል።

ታዲያ ምጽዋት በግድ ይውሰድ ማለት ነውን? አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ ሐናንያን ሲወቅሰው፣ መሬቱ ሳይሸጥ የእርሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በሥልጣኑ ሥር እንደ ነበረ መስክሮለታል፤ የወቀሰው ስለ ሐሰቱ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ስለ አልዓዛር ሲሰብክ ለድኻ አለማካፈልን ስርቆት ብሎታል። በዚያ ወንጌል ባለጸጋው የማንንም ርስት ነጠቀ የሚል አልተጻፈም፤ የተጻፈው አልዓዛር በደጁ ተኝቶ እንደ ነበረ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።