ቀማሿ

በድሮ ግብዣ አሳላፊው ጠጁን ለእንግዳ ከማቀበሉ በፊት ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። «መርዝ የለበትም» ማለቱ ነው። ቢኖርበት ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነዋ! የቀረበው ከቤቱ የወጣ ስለሆነ፣ መቅመሱም የቤቱ ዕዳ ነበር።

ዛሬ ለወንዝና ለሐይቅ የሚቀምስ ማን ነው ቢሉ፣ የውኃ ቁንጫ ናት። ስሟ አያሳስታችሁ፤ ደም አትመጥም፣ ቁንጫም አይደለችም፤ የሸርጣን የሩቅ ዘመድ ናት። ሳይንቲስቶች ዳፍንያ ይሏታል። ለምርመራ የምትመረጠው ዝርያ አደገች ከተባለ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ገላዋ እንደ ብርጭቆ ስለሚያሳልፍ በማይክሮስኮፕ ልቧ ሲመታ ይታያል። ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ቁርጥ እናታቸውን ናቸው። ላቦራቶሪ የወደዳት በዚህም ጭምር ነው። በአውሮፓ ኅብረት አንድ ኩባንያ በዓመት አንድ ቶንና ከዚያ በላይ የሚያመርተውን ኬሚካል ሲያስመዘግብ፣ በአብዛኛው የእሷን ምስክርነት ይጠየቃል።

ምስክርነቱ እንዲህ ነው። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው ለእያንዳንዱ የኬሚካል መጠን ቢያንስ 20 ይመደባሉ። ለ48 ሰዓት ምግብ የለም። ከዚያ ዕቃው ቀስ ተደርጎ ይነቀነቅና በ15 ሴኮንድ ውስጥ መዋኘት ያቃታት ትቆጠራለች። ግማሾቹን እንዲህ የሚያደርገው መጠን ተሰልቶ ይመዘገባል።

ታዲያ «የሞተች» አይባልም፤ «የማትንቀሳቀስ» ነው የሚባለው። ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ቃሏ መጀመሪያ አስቆጣችኝ። ሞትን የሚሸፋፍን የቢሮ ቋንቋ መሰለችኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የዚህችን የምታህል ፍጥረት ሞት በዓይን ለይቶ መናገር ይከብዳል፤ ስለዚህ መመሪያው ያየኸውን ብቻ ጻፍ አለ። ይህ ጨዋነት ነው።

ጨዋነቱ የጎደለው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቤተ ሙከራ እንስሳት ሕግ የሚጠብቀው የጀርባ አጥንት ያላቸውንና እንደ ኦክቶፐስ ያሉትን ነው። ዓሣ ይቆጠራል፤ ዳፍንያ አትቆጠርም። በዓሣ ፋንታ በእሷ ከተሞከረ «የእንስሳት ሙከራ ቀነስን» ይባላል። ቀነሱ? ሕመም ይሰማት እንደሆነ እስካሁን በእርግጠኝነት የተናገረ የለም። ያልታወቀን ነገር «የለም» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ግን ሌላ ነገር ነው።

ሙከራው ይቅር እያልኩ አይደለም። ዳፍንያ አልጌ ትበላለች፣ ዓሣ እሷን ይበላል፤ እሷ ካለቀች ሐይቁ በሙሉ ይታመማል። ስለዚህ በብርጭቆ የሚያልቁት በሐይቅ ላሉት ዘመዶቻቸው ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ግን ጠጁን የጣለው ማን ነው? አሳላፊው የራሱን ቤት መጠጥ ቀመሰ፤ እሷ የምትቀምሰው የኛን ነው። ደግሞ በ48 ሰዓት የማይገድል መርዝ ሞልቷል፤ ለዚያ ሲባል ልጅ መውለዷን እየቆጠሩ 21 ቀን የሚያቆዩበት ሌላ ሙከራ አለ። ወንዙ ውስጥ ግን ኬሚካሉ ብቻውን አይወርድም፤ ከስንቱ ጋር ተደባልቆ ነው።

የኔ ጥያቄ ትንሽ ናት። በየዓመቱ ለሙከራ የዋሉ እንስሳት ሲቆጠሩ እሷም ትግባ። በደንቡ አምስት መጠን በ20፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለማነጻጸሪያ የሚቀመጡት 20 ሲጨመሩ 120 ይሆናሉ። 120 ተብሎ ይጻፍ።