አእምሮው የተጎዳ ሰው በኛ ላይ ስላለው መብት

ምስጋና ሰውን ፈጥሮ በአእምሮ ላከበረው ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ሆይ! አላህ ይዘንልህና፣ አስተውለህ ልትመልሰው የሚገባህ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ሰው የሚከበረው በአእምሮው ከሆነ፣ አእምሮው በአደጋ በተጎዳ ጊዜ ክብሩም አብሮ ይጎድላልን? ትናንት ቃሉ የታመነ፣ ሚዛኑ የተስተካከለ፣ ለቤቱ አሳቢ የነበረ ሰው ራሱን ተመትቶ ከተነሣ በኋላ ቁጡና ዘንጊ ቢሆን፣ በጎረቤቱና በገበያው ላይ የነበረው መብት ይቀነሳልን ወይስ ይጨመራል? ብዙ ሰው በአፉ «አይቀነስም» ይላል፤ በሥራው ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

እወቅ! አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንደ ዕንቁ በሣጥን ተጠብቆ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ሰው ቤት ሲከድን ከጣራ ቢወድቅ፣ መኪና ቢገለበጥበት፣ በጠብ መካከል በዱላ ቢመታ፣ አጥንቱ ሳይሰበር እንኳ አንጎሉ ከውስጥ ሊናወጥና ሊደማ ይችላል። በግንባር በኩል ያለው ክፍል ቁጣን የሚገታና ነገን የሚያሰላ ነው፤ እርሱ የተጎዳበት ሰው ደጉን ከክፉ እየለየ ራሱን መግዛት ያቅተዋል። በአብዛኛው ሰው ዘንድ የንግግር ቦታ በግራ በኩል ነው፤ እርሱ የተጎዳበት ሰው ሐሳቡ ሳይጠፋ ቃሉ ይጠፋዋል። ሌላው ደግሞ የድሮውን እያስታወሰ የዛሬ ጥዋቱን ይረሳል፤ ጫጫታና ብርሃን ያስጨንቀዋል፤ ጥቂት ሠርቶ ይደክማል። እግሩ የተሰበረውን ሰው ምርኩዙን አይተን እናዝንለታለን፤ የዚህ ሰው ስብራት ግን ስለማይታይ «ሰነፈ፣ ከፋ፣ ተለወጠ» ብለን እንወቅሰዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1848 በአሜሪካ አገር በቨርሞንት ግዛት ፊንያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበረ። ለድንጋይ መፈንቀያ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ፈንድቶ የብረት ዘንጉ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውዬው ዳነ፤ ተናገረ፤ ሄደ። ነገር ግን ሐኪሙ እንደ ጻፉት፣ ትዕግሥተኛ የነበረው ሰው ተሳዳቢና በሐሳቡ የማይጸና ሆነ፤ ወዳጆቹም ያው ሰው አይደለም አሉ። ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማሉ። ነገር ግን ይህ ሰው ኋላ ወደ ቺሊ አገር ሄዶ ለዓመታት በፈረስ የሚሳብ የመንገደኛ ሠረገላ ነድቷል። ያን ሥራ በደካማ ልቡና መሥራት አይቻልም። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በየቀኑ ሰዓቱና መንገዱ የታወቀ ሥራ ማግኘቱ ልቡናውን ሳይረዳው አልቀረም። እንግዲህ የተጎዳ ሰው እንደ ወደቀ እንደሚቀር አድርገህ አትፍረድ። ማገገም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቀስ እያለ ሊቀጥል ይችላል።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። የሃይማኖት ሊቃውንት አንድን ሰው በመታው ምት አእምሮውን ያጠፋበት ሰው ሙሉ የነፍስ ካሣ እንዲከፍል ፈርደዋል። አእምሮን ማጥፋት በካሣው ነፍስን ከማጥፋት ጋር ተስተካከለ ማለት ነው። ደግሞም አእምሮውን ያጣ ሰው፣ አእምሮው እስኪመለስለት ድረስ፣ እንደ ሕፃንና እንደ እንቅልፋም ኃጢአት አይጻፍበትም። ይሁን እንጂ የሰው ንብረት ቢያጠፋ ዋጋው ከገንዘቡ ይከፈላል፤ የተበደለው ወገን መብት አይጠፋምና። ስለዚህ ሸሪዓው በደልንና ዕዳን ለየ፤ ዕዳውን አስከፈለ፣ ነውሩን ግን አነሣ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ዕዳውን «ይቅር» ብለን ሰውየውን ግን በስሙና በነውሩ ዕድሜ ልኩን እንጠራዋለን።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! የሚከተለውን በተለይ ላንተ አቀርባለሁ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና ከአንሷሮች ወገን አንድ ሰው ነበረ፤ ከፊሎቹ ሐባን ቢን ሙንቂዝ፣ ከፊሎቹም አባቱ ሙንቂዝ ነው ይላሉ። ይህ ሰው ራሱን ቆስሎ ከዳነ በኋላ ምላሱ ተሳሰረ፣ ልቡናውም ደከመ። ሆኖም ንግድን አልተወም፤ በገዛ ቁጥርም ይታለል ነበር። ቤተ ሰቦቹ ወደ ነቢዩ መጥተው ከመሸጥና ከመግዛት እንዲታገድላቸው ለመኑ። ነቢዩም ጠርተው በከለከሉት ጊዜ ሰውዬው ያለ ንግድ መኖር እንደማይችል ነገራቸው። ከዚህ በኋላ ምን ፈረዱ? በገበያ ላይ ማታለል እንደሌለ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ አዘዙት፤ በገዛውም ዕቃ ላይ የሦስት ሌሊት ምርጫ ሰጡት፤ ቢወደው እንዲይዘው፣ ቢጠላው እንዲመልሰው።

የዚህን ፍርድ ጥበብ ተመልከት! ቤተ ሰቦቹ የፈለጉት ሰውየው ከገበያ እንዲወጣ ነበር፤ ፍርዱ ግን ማታለል ከገበያ እንዲወጣ ሆነ። ሸክሙ ከቆሰለው ራስ ላይ ተነሥቶ ጤነኛ ራስ ባላቸው ሻጮች ላይ ተጫነ። በሱረቱ ኒሳእም ማስተዋል ለጎደላቸው ሰዎች ገንዘባቸው እንዲጠበቅላቸው፣ ከእርሱ እንዲበሉና እንዲለብሱ፣ መልካም ንግግርም እንዲነገራቸው ታዟል። ገንዘቡን ጠብቆ ክፉ ቃል የሚናገረው ሞግዚት ከትእዛዙ ግማሹን ጥሷል። ስለዚህ ልቡናው የደከመ ሰው በርካሽ ሊሸጥልህ ወይም በውድ ሊገዛህ በመጣ ጊዜ «በፈቃዱ ነው» አትበል። ፈቃድ ማለት ማወቅ ነው። ዋጋውን በጽሑፍ አስፍርለት፣ ከወገኑ አንድ ሰው አስመስክር፣ የሦስት ቀንም ጊዜ ስጠው።

እዚህ ላይ «እኔ የሩቅ ሰው ነኝ፤ ይህ የቤተ ሰቡ ጣጣ ነው» የሚል ሰው ቢኖር፣ ዓይኑን ወደ መንዝ ደጋ ያንሣ። ከይፋት ቆላ ወደ መሐል ሜዳ ገበያ የሚወጣ ነጋዴ ጓሳን ያውቀዋል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የሣር ምድር ነው። ሣሩ የቤት ክዳንና ገመድ ይሆናል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። የመንዝ ሰዎች አባቶቻቸው አስቦና ጌራ ከሠሩት ጊዜ ጀምሮ፣ ይኸውም ከ17ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይህን ምድር በጋራ ሲጠብቁት ኖረዋል። የተጎዳው ሣር እስኪያገግም ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ ደግሞ በደረቁ ወራት ለባለ መብቶቹ ይከፈታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጥበቃው ላላ፤ ሣሩም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ኋላ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የተጎዳ ነገር ሲዘጋ ለማገገም እንጂ ለመረሳት አይደለም፤ ሲያገግም ይከፈታል። ሁለተኛ፣ የሁሉ የሆነው ነገር በአንድ ቤት ጫንቃ ላይ ብቻ አይጠበቅም። ሦስተኛ፣ የፈረሰ የመተባበር ልማድ ሊመለስ ይችላል። ለሣር ዓመታት የታገሠ ሕዝብ ለሰው አይታገሥምን?

በእውነቱ ማኅበራችን ለሞተ ሰው ፈጣን ነው። የእድር ጥሩምባ በተነፋ ሰዓት ድንኳኑ ይተከላል፣ እንጀራው ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ለቀናት ብቻውን አያድርም። በሕይወት ላለው ጉዳተኛ ግን ጥሩምባ አይነፋም። ሚስቱ ሌሊት ትጠብቀዋለች፣ ቀን ትሠራለች፣ ቁጣውንም ትችላለች፤ ሦስት ዓመት ሲሞላ የሚጠይቃት ጎረቤት አይገኝም። እድሩ ወይም መስጊዱ በሳምንት አንድ ቀን ተረኛ ሰው ቢመድብላት፣ እርስዋም ያን ቀን ብታርፍ፣ ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ሰደቃ ነው። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ ባሠሩት ሆስፒታል አእምሯቸው ለታወከ ሰዎች የተለየ ክፍል ነበረ፤ ወጪውም ከወቅፍ ይሸፈን ነበር። ያንን ያደረጉት ነጋዴና ገበሬ ያስገኙት ሀብት ነው።

ደግሞም ይህን ዕወቅ፤ ለጎረቤትህም አስታውቅ። ራሱን የተመታ ሰው ተነሥቶ ቢናገር እንኳ ውስጡ ሊደማ ይችላልና አንድ ቀንና ሌሊት ብቻውን አይተው። ደጋግሞ ቢያስመልሰው፣ እንቅልፍ ቢጫነው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ የዓይኑ ብሌን አንዱ ከሌላው ቢሰፋ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ጠራ ያለ ውኃ ቢወጣ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ አንገቱም አይንገላታ። ጠባዩ ስለ ተለወጠ «ጂን ያዘው» ብሎ ማሰርና መምታት በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። ከ1,000 ዓመት በፊት የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝዘህራዊ ስለ ራስ ቅል ስብራት ሕክምና ጽፈዋል፤ ዛሬም በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ልጅህንም ያለ ራስ መከላከያ ቆብ አትልቀቀው።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፦ የተጎዳ ሰው ክብሩ አልጎደለም፤ በኛ ላይ ያለው መብት ግን ጨምሯል፤ እርሱ ለራሱ ያደርገው የነበረው ጥንቃቄ ወደ እኛ ተላልፏልና። የአእምሮህ ጤንነት በእጅህ ያለ አደራ ነው፤ አንድ ውድቀት ይወስደዋል። ያን ቀን ገበያው እንዲጠብቅህ የምትመኘውን ያህል ዛሬ በገበያው የተጎዳውን ጠብቅ። አላህ በሽተኞቻችንን ይማር፣ ተንከባካቢዎቻቸውን ያጽና፣ ልባችንንም ለእዝነት ይክፈት። አሚን።